የበረንዳው አምፖል

የጤና ጣቢያችን በረንዳ ላይ አንዲት ደብዛዛ አምፖል አለች። ባየኋት ቁጥር እበሽቃለሁ። እንድትቀር የፈቀድኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ከጎጆ ከተማ አልፎ፣ ዝናብ ሲይዝ መኪና በማይገባበት መንደር ነርስ ሆኜ ስመደብ ዋናው የመብራት መስመር ገና አልደረሰም ነበር። ኃይል የምናገኘው ወንዙ ላይ ከተተከለች አንዲት ትንሽ ተርባይን ነው። ከእሷ ሦስት ሽቦ ይወጣል፤ ቤት ሁሉ ከሦስቱ በአንዱ ላይ ይቀጠላል። ቤቶቹ ለሦስቱ እኩል ከተከፋፈሉ ለሁሉም ይበቃል፤ አንዱ ላይ ከተጫኑ ግን እሱ ይደክማል። ይህን የነገረኝ ተርባይኗን የሚጠብቀው የአምቦ ልጅ፣ ቴክኒሺያኑ ነው። ያኔ ጆሮ አልሰጠሁትም። የኔ ጭንቀት የኦክስጅን ማሽናችን ነበር። ቮልቴጁ ሲወርድ ጮሆ ጮሆ ይቆማል፤ በዚያ ብርድ ደግሞ የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን አይጠፋም።

"ጥሩውን ሽቦ ስጠን" አልኩት። ምሰሶው ላይ መሰላል አስደግፎ ወጣና በቴስተር ለክቶ ቀየረልን። ማሽኑም እኔም ሰላም አገኘን፤ ለሦስት ሳምንት ብቻ።

ለካ ሰው ሁሉ መሰላሉን አይቶ ኖሯል። "ሐኪሞቹ የመረጡት ነው" ተባለ። መጀመሪያ ወፍጮ ቤቱ ወደኛ ሽቦ መጣ፣ ከዚያ ባለ ቴሌቪዥኖቹ፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑም ጸሎት ቤቱም። በሌላ ነገር የማይስማሙት በዚህ ተስማሙ! ቴክኒሺያኑ እምቢ ሲል ራሳቸው ምሰሶ ላይ ወጡ። ሁለቱ ሽቦዎች ባዶ ሲቀሩ የኛ አምፖል ከሻማ አነሰ።

አንድ ጠዋት አንድ ድንች ነጋዴ ከንፈሩ የጠቆረ ልጁን ታቅፎ ገባ። ማሽኑን እንደከፈትኩት ጮኸና ቆመ። ልጁን ለሥራ ባልደረባዬ ትቼ በጋውኔ ወፍጮ ቤት ሮጥኩ። "አቁም! ልጅ እየሞተ ነው!" ባለወፍጮው ወረፋውን አየ፣ እኔን አየ። "ሲስተር፣ ለስንት ደቂቃ ነው?" አለኝ።

ያቺን ጥያቄ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። የወፍጮውን ማጥፊያ ራሴ ገፍቼ አጠፋሁት። ማሽኑ ተነሳ፣ ልጁም ተረፈ።

በሳምንቱ መንደሩ ተሰበሰበ። ለመንኳቸው፤ ተከፋፈሉ፣ ለሁላችንም ይበቃል አልኳቸው። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ ማንም ግን እኔ ልቀየር አላለም። የድንቹ ነጋዴ እንኳ፣ ቴሌቪዥኑን ወደኛ ሽቦ ካመጡት አንዱ የሆነው፣ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል። አንድ ሽማግሌ ተነሱ። "ኤዬ፣ ልክ ነሽ ልጄ። ግን እናንተ የያዛችሁትን ሽቦ እኛ ለምን እንልቀቅ?" አሉኝ። የመጀመሪያው መሰላል የኔ ነበር። ከሁሉም በላይ ያናደደኝ እሱ ነው።

"ማል ጎና፣ ሲስተር?" አለኝ ቴክኒሺያኑ ስንወጣ። "ምን እናድርግ? ብቀይራችሁ ነገ ይከተሏችኋል። ካላወቁ ነው የሚሆነው።"

በገበያ ቀን፣ መንደሩ ጎጆ ወርዶ ሳለ፣ እኛንና ትምህርት ቤቱን ወደ ባዶዎቹ ሽቦዎች አዛወረን። የበረንዳዋን አምፖል ብቻ አሮጌው ሽቦ ላይ ተዋት፤ አላፊ አግዳሚው እያየ እንደሱው የተቸገርን እንዲመስለው። እውነት ተናግሬ ያልሰማኝን መንደር በአንድ አምፖል ዋሸሁት።

በቀደም ሲመሻሽ የድንቹ ነጋዴ በበሩ ሲያልፍ ቆመ። ያ ልጅ አድጎ እጁን ይዞታል። ወደ አምፖሏ ቀና ብሎ ከንፈሩን መጠጠ።

"እናንተም ጋ እንደኛው ነው ለካ፣ ሲስተር። አይዞን። ጥሩ ሽቦ ያገኛችሁ ቀን ግን እንዳትደብቁን።"

ስንት ነገር ምላሴ ጫፍ ደረሰ። ሆድ ይፍጀው ብዬ የልጁን ራስ ዳሰስኩና "እሺ" አልኩት። ከኋላዬ፣ ውስጥ፣ ማሽኑ ለሌላ ሰው ልጅ ኦክስጅን እየሰጠ ነበር፤ ሳይጮህ።