አንድ ስም የያዙ ሁለት ፋይሎች

ማለዳ፣ ቢቸና

ወፍ ሲንጫጫ መናኸሪያ ደረስኩ። ጥቅምት ነው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። የሞጣው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ የነጭ ሽንኩርት ጆንያና የታሰሩ ዶሮዎች ተጭነዋል። ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ከሾፌሩ ከጋሽ ባዩ ጎን ጋቢና ተቀመጥኩ።

«መምህር፣ በማለዳ ከማን ጋር ነው ጠቡ? ፊትህ ጠቁሯል» አለኝ።

ነገርኩት። ቢቸናና ሞጣ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሁለት ትንንሽ ራዲዮ ቴሌስኮፖች አሉን። የቤት ዲሽ ታላቅ ወንድሞች በሏቸው፤ ከሰማይ የሚመጣውን፣ በዓይን የማይታየውን የራዲዮ ሞገድ ይሰማሉ። ማንኛውም ሳህን ሲተከል ትንሽ ዘመም ይላል። ምን ያህል እንደዘመመ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ሞዴል የምንለው ፋይል ነው። የሁለቱንም ሞዴል አዘጋጅቼ፣ ስም ሰጥቼ፣ በተሻሻለ ቁጥር በቴሌግራም የምልከው እኔ ነኝ። ከክረምት ወዲህ ግን የሞጣው ቴሌስኮፕ ፍኖተ ሐሊብን፣ ያንን የከዋክብት ጎዳና፣ ከቦታው ውጪ ያሳያል።

«ያቺ ልጅ ፋይሉን ነካክታዋለች» አልኩት። ያቺ ልጅ ያልኳት ቴሌስኮፑን የምትይዘው የፊዚክስ መምህርት ሰሚራ ናት፤ ከወሎ ተመድባ የመጣች። ትናንት ለትምህርት ቤቷ ርዕሰ መምህር ደውዬ የክፍሉን ቁልፍ እንዲቀበሏት አድርጌያለሁ። ይህንንም ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች እስኪሰሙ ድረስ በኩራት አወራሁት።

«እሷን ጠይቀሃታል?»

«ምን ያስጠይቃል!»

ጋሽ ባዩ ማርሽ ቀየረ።

ረፋድ፣ ግንደወይን

ግራና ቀኙ ጤፍ ነው፤ ገና አልቀላም፣ ነፋስ ሲመጣ ይተኛል። በስተምዕራብ ጮቄ ጉም ለብሷል። ግንደወይን ወርደን አግዳሚ ላይ ቅቅል ድንች በአዋዜ ቀረበልን። እኔ ከመብላት ይልቅ ስብከት ያዝኩ።

«አንድ ፋይል፣ አንድ ስም! አዲስ ሲመጣ አሮጌው ይጥፋ። ‹የመጨረሻ›፣ ‹የመጨረሻ ሁለት›፣ ‹እውነተኛው የመጨረሻ› እያሉ ማከማቸት የሰነፍ ሥራ ነው።»

«መምህር፣ ድንቹ በረደብህ» አለኝ ጋሽ ባዩ።

ቀትር፣ ሞጣ

ሰሚራ ከቴሌስኮፑ ክፍል በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ቁልፍ የላትምና የከፈተልን ዘበኛው ነው፣ ያውም ተማሪዎቿ እያዩ። ዓይኗ አብጧል።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሼ። መንገዱ አልከበደዎትም?»

መልስ ሳልሰጥ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የሞዴሉን ቁጥሮች አየሁ። አውቃቸዋለሁ። ክረምት ላይ የቢቸናን ሳህን ነፋስ ጥሎት እንደገና ስንተክለው እኔው ራሴ የለካኋቸው ናቸው። የቢቸናንም የሞጣንም ፋይል በአንድ ስም «ሞዴል» ብዬ ነበር የሰየምኳቸው፤ ቦታ የለው፣ ቀን የለው። ያን ጊዜ ለሰሚራ የሞጣው መስሎኝ የቢቸናን ልኬላታለሁ። «አሮጌውን አጥፊና በዚህ ተኪ» ማለቴም ቴሌግራሙ ላይ አለ። የሞጣው ትክክለኛ ሞዴል ከጠፋ፣ ሳህኑ ወዴት ሲያይ እንደከረመ ማወቅ አይቻልም፤ የእሷና የተማሪዎቿ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

እንዴት ብዬ እንደምነግራት ሳስብ ቀደመችኝ።

«ጋሼ፣ እንዳይቆጡኝ። አሮጌውን አጥፊ ብለውኝ ነበር፤ አንጀቴ እምቢ ብሎኝ ፍላሽ ላይ አስቀመጥኩት። የተበላሸው በዚህ ይሆን እንዴ? ይቅር ይበሉኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቁልፏን ያስነጠቅኋት ልጅ ይቅርታ ትጠይቀኛለች!

«አንቺ አይደለሽም ያበላሸሽው፤ እኔ ነኝ» አልኳት። ቴሌግራሙን አሳየኋት። አነበበችው። ፍላሿን ሰክታ ሳህኑ ሲመዘግብ የከረመውን በአሮጌው ሞዴል እንደገና አሰላችው። ፍኖተ ሐሊብ ቦታው ላይ ተገኘ።

ርዕሰ መምህሩ ቢሯቸው ስንገባ ከወንበራቸው ተነሡ። «ይህን ሁሉ መንገድ መጥተው አረሙልን፤ እናመሰግናለን!»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ቁልፉን ይመልሱላት» አልኩ።

ከመሳቢያ አወጡና ለእኔ ዘረጉልኝ። ተቀብዬ በሁለት እጄ ሰጠኋት። ምሳ ልጋብዝሽ ብላት «ክፍል አለኝ» ብላ ሄደች።

አመሻሽ፣ መልስ

ያው ሚኒባስ ነው፤ ከጠዋቱ ተሳፋሪዎችም ሁለቱ አሉ። ከኋላ ልሸሸግ ብል ጋሽ ባዩ ጋቢናውን ይዞልኛል።

«እህ፣ ቀጣሃት?»

እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው መሆን ይቻል ነበር። «ፋይሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ቁልፏን ያስነጠቅኋት በራሴ ጥፋት ነው» አልኩ፤ የጠዋቱን ያህል ጮክ ብዬ።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች!» አለ ጋሽ ባዩ። ከኋላም ሳቁ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ቢቸና ስንገባ ስልኬ ጮኸ። ሰሚራ የሞጣውን ሞዴል ልካልኛለች። ስሙን ቀይራዋለች፤ ቦታም ቀንም አለው። የወትሮው ሰላምታዋ ግን የለም። ከሥሩ አንድ ቃል ብቻ ጽፋለች፦

«እንዳያጠፉት።»