ገመቹን አላውቀውም ያልኩ ዕለት

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። አሁን እንኳ ብዕሩን ሦስት ጊዜ አንሥቼ ሦስት ጊዜ አስቀምጫለሁ።

በንጉሡ ዘመን፣ ነቀምቴ ፍርድ ቤት ደጃፍ ካለው ዋርካ ሥር፣ እኔና ገመቹ ማመልከቻ እንጽፍ ነበር። እንጽፍ ነበር ማለቴ ልክ ነው፤ እጁ የእኔ፣ ጆሮው የእሱ ነበር። ፍርድ ቤቱ የሚቀበለው አማርኛ ብቻ ነው፤ ባላገሩ የሚናገረው ኦሮምኛ። ገመቹ ፊደል አልቆጠረም። ግን ከሲሬ በእግሩ የመጣ ሰው በንዴት ሲንተባተብ አስቀምጦ፣ አረጋግቶ፣ ነገሩን ከሥሩ አውጥቶ በአማርኛ ይነግረኛል። የእኔ ኦሮምኛ፣ እዚያው ብወለድም፣ ከገበያ አያልፍም። ወላጆቼ ከጎጃም የመጡ ናቸው።

አንድ ቀን ዳኛው አስጠሩኝና ማመልከቻዎቼን አመሰገኑ። ጽሕፈቱንም ትርጉሙንም አጣምሮ የሚሠራ አንድ ሰው ሊቀጥሩ ነው።

«የባላገሩን ኦሮምኛ ማን ነው የሚተረጉምልህ?»

«እኔው ራሴ» አልኩ። ማን አስገደደኝ? ማንም። የመንግሥት ሥራ አማረኝ፣ በቃ።

ገመቹ «እንኳን ደስ ያለህ» ብሎ አቀፈኝ። ያለ እኔ ዋርካው ሥር ምን ይሠራል? አልጠየቅሁትም። እንዲያውም ችሎት ላይ ሲጨንቀኝ አይቶ፣ ከጀርባዬ ካለው መስኮት ውጭ እየቆመ ትርጉሙን በሹክሹክታ ያቀብለኝ ጀመር።

አንዲት መበለት ስለ መሬቷ እያለቀሰች ስትናገር ዳኛው ሹክሹክታውን ሰሙ። ዘበኛው ገመቹን ጎትቶ አስገባው።

«ይህን ሰው ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

«አላውቀውም፣ ጌታዬ።»

አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ምላሴ አልተያዘም፣ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም።

ገመቹ አየኝ። ሊያጋልጠኝ ይችል ነበር። ዘበኛው እየገፋ ሲያስወጣው በአጠገቤ ሲያልፍ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ‹መሬቱን አልሸጥኩም፤ ባሌ ሲሞትብኝ ለእኩል አራሽ ነው የሰጠሁት› ነው የምትለው። አደራ፣ እንዳይበላሽባት» አለኝ።

ቃል በቃል ደገምኩት፣ የራሴ አስመስዬ። ሴትዮዋ ረታች። ዳኛውም «ጎበዝ» አሉኝ።

ገመቹ ከዚያ ወዲያ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ አልታየም። ቤቱ እዚያው ከተማ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ነበር፤ በአጠገቡ ስንት ጊዜ አለፍኩ! አንድም ቀን አላንኳኳሁም። አሁን ሞቷል።

ድሃ ነበርኩ፣ ወጣት ነበርኩ ብዬ ይቅርታ ልለምን ነበር የተነሣሁት። ገመቹም ድሃ ነበር። እሱም ወጣት ነበር።