የአባቴ ሱቅ በረንዳ

ሚዛን ተፈሪ ዋናው መንገድ ላይ ስዞር ውዬ ደክሞኛል፤ ዝናቡ ሲመጣ አንድ ባለመስታወት ፎቅ ሥር ተጠጋሁ። አዲስ የተቀባው ግድግዳ ሽታ አፍንጫዬን ሲሞላው ልጅነቴ መጣብኝ።

እዚሁ ቦታ ላይ በጣውላ የተሠራው የአባቴ ሱቅ ነበር፤ በረንዳው ግማሽ ሚዛን ተፈሪን ያስጠልላል። አንድ ቀን ሁለት ሰዎች ቀይ ቀለም ይዘው፣ የሚፈርሱትን አሮጌ ቤቶች በር እየቀቡ መጡ። እኛ ጋ ሲደርሱ ዝናቡ ወረደ፤ የጥፋት ውሃ ከሱ ጋር ሲተያይ ካፊያ ነው።

«ግቡ እንጂ ልጆቼ!» አለ አባቴ፤ ቆሎም አቀረበላቸው። ዝናቡ ሲያባራ አንደኛው ብሩሹን አየ፤ ባዶውን ሰሃን አየ። «ቆሎዎን በልቼማ በርዎን አልቀባም!» ብሎ ጓደኛውን እየጎተተ ሄደ።

«አባዬ፣ ተዉልን?» አልኩት።

«እስከ በጋ ነው» አለኝ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። እኔ ግን ጨፈርኩ፤ ሚዛን በጋ የሚባል ነገር መጥቶ አያውቅማ!

«ጋሼ፣ እዚህ መቆም አይቻልም» አለኝ የፎቁ ጥበቃ። «እዚህማ ለተጠለለ ሁሉ ቆሎ ይቀርብ ነበር» ልለው አሰብኩና ደከመኝ፤ ወደ ዝናቡ ወጣሁ።