ለብ ያለ ባሕር

ወንድሜ መሞቱን የሰማሁት የባባን ቶብ፣ ነጩን ረጅም ቀሚሱን፣ እየተኮስሁ ሳለ ነው። ባባ የምለው አሠሪዬን ነው፤ እዚህ ሳዑዲ፣ ጂዛን አውራጃ፣ የቤት ሠራተኞች ሁላችን አባወራውን እንደዚያ ነው የምንጠራው። ስልኬን ድምፁን ከፍ አድርጌ የካውያው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አስቀምጬው ነበር። የደወለው የአገሬ ልጅ ነው። ከወንድሜ ጋር በአንድ ጀልባ ከጅቡቲ ዳርቻ ተነሥተው፣ የመን የደረሰው እሱ ብቻ ነው።

«ጀልባዋ ተገለበጠች እህቴ» አለኝ። «ጨለማ ነበር። መጀመሪያ ድምፁን እሰማው ነበር፤ በኋላ አልሰማሁትም።»

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ጎሕ ሳይቀድ በር ላይ ይሰበሰባል፤ ገና ሳይነግሩሽ ብብትሽን ደግፎ የሚይዝሽ ሰው ይመደባል። እኔን የደገፈኝ የካውያው ጠረጴዛ ነው። ቶቡ እንዳያር ካውያውን አነሣሁት። አንዱ እጅጌ ቀርቶ ስለነበር እሱን ተኮስሁና ሰቀልሁት። ከዚያ የልጆቹን ምሳ አቀረብሁ። ማታ እንባው ይመጣል ብዬ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። አልመጣም። በማግሥቱም አልመጣም። ሰውነቴ ጥርስ ሊነቀልበት መርፌ የተወጋ ድድ ሆነ፤ ሲነኩት ያውቃል፣ ግን አያመውም።

በቤቱ የባባ እናትም አብረውን ይኖሩ ነበር። ማማ ከቢራ እንላቸዋለን፤ ትልቋ እናት ማለት ነው። በዓረብኛ አንቱታ የለም፤ ሳናግራቸው እንደ እኩያዬ ነበር የማናግራቸው፤ በልቤ ግን ሁልጊዜ አንቱ ነበሩ። ከጂዛን ማዶ፣ ፈረሳን ደሴት ላይ፣ ከዓሣ አጥማጅ ቤት ነው የተወለዱት። ጉልበታቸውን ክፉኛ ያማቸዋል። ሐኪም ኪኒን ቢሰጣቸውም «የእኔ መድኃኒት ባሕር ነው» ብለው ልጃቸውን ወጥረው ያዙት። ቀን ፀሐዩ አያስወጣም፤ የሰው ዓይንም አለ። ስለዚህ ከዒሻ፣ ከምሽቱ ሶላት በኋላ ሊወስዳቸው ተስማማ። ግን ውሃው ውስጥ የምትደግፋቸው ሴት ያስፈልጋል። ማዳም፣ የባባ ሚስት፣ ውሃ ትፈራለች።

«ከማማ ጋር ባሕር ትገቢያለሽ» አለችኝ።

«እሺ።»

«ትፈሪያለሽ እንዴ?»

«አላውቅም» አልኋት። እውነቴን ነበር። የወንድሜን ነገር በዚያ ቤት ለማንም አልተናገርሁም።

ባባ መኪናውን ያቆመው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ባይሽ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ መብራት የሌለበት ዳርቻ ላይ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ከመኪናው ማዶ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ፤ የስልኩ ብርሃን ብቻ ይታያል። አየሩ ከተከደነ ድስት እንደሚወጣ እንፋሎት ፊት ላይ ይለጠፋል። ማማ ከቢራ ከራሳቸው ላይ ፉል ከሚባል ነጭ፣ መዓዛማ አበባ የተሠራ ጉንጉናቸውን አውልቀው የመኪናው መስታወት ላይ አንጠለጠሉት። ከዚያ ሁለታችንም ከነዓባያችን ገባን።

እኔ ደገኛ ነኝ። የሰፈራችን ወንዝ ከገደል ሥር ነው። ወንዶቹ ይዋኙበታል፤ እኛ ሴቶቹ ውሃ ቀድተን፣ ልብስ አጥበን እንመለሳለን። ቀትር ላይና ሲመሽ ጅን አለበት ስለሚባል አንዘገይም። ወንድሜ ዋናተኛ ነበር። ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ «ዋና የሚያውቅ ልጅ እንዴት ተደርጎ?» እያለ ይጠይቅ ነበር አሉ። አሁን እኔ፣ እግሬን እንኳ ነክሬ የማላውቀው፣ ዳሩ በማይታይ ጥቁር ውሃ ውስጥ ቆሜያለሁ። የማማ ከቢራን ክንድ በሁለት እጄ ሙጭጭ አድርጌ ያዝሁ። እኔ ግን ዳር ቆሜ ሌላ ሰው ሲይዛቸው የማይ ይመስለኝ ነበር።

«እግርሽን አታንሺ» አሉ ማማ ከቢራ። «እየጎተትሽ ሂጂ። አሸዋው ሥር ጅራቱ መርዝ ያለው ዓሣ ይተኛል። ከረገጥሽው ይወጋሻል፤ ከገፋሽው ይሸሻል።»

እየጎተትን ሄድን። ጭቃው በጣቶቼ መካከል ይሾልካል። ውሃው ወገባችን ላይ ሲደርስ አንድ ለስላሳ ነገር ባቴን ዳሰሰኝና አለፈ። ጮህሁ። ማማ ከቢራ ሳቁ። «ቅጠል ነው» አሉ። ቅጠል ይሁን ሌላ እስካሁን አላውቅም።

ከዚያ እጃቸውን ውሃው ውስጥ አወዛወዙት፤ ውሃውም በራ። የእሳት ፍንጣሪ የመሰለ፣ ግን ሰማያዊ፣ ከጣቶቻቸው ሥር እየወጣ ይጠፋል።

«ጅን ነው?» አልሁ።

«ጅን አይደለም፤ ባሕሩ ነው። ልጆች ሆነን እንጫወትበት ነበር። አንቺም ሞክሪ፣ ያላ!»

ሞከርሁ። የእኔም በራ። ደጋግሜ ሞከርሁ። ክንዴን ሳነሣ ብርሃኑ እንደ ጠብታ ተንጠባጠበ። ዓባያዬ ተነፍቶ ዙሪያዬን ተንሳፈፈ፤ ክብደቴ ጠፋ። ሰውነቴ ደስ ብሎት ነበር። እኔ ደግሞ እንደ ቅድሙ ዳር ቆሜ አየሁት።

በዚያው ቅጽበት የአንገቴ ማተብ ከዓባያው ወጥቶ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ማማ ከቢራ አዩት። በሁለት ጣታቸው ያዙና መልሰው ከአንገትጌዬ ሥር ከተቱልኝ።

ከዚያ ወዲያ መሄዱ ልማድ ሆነ። ያላ ከተባለ ድስቱን አስቀምጬ ፎጣ ይዤ መኪና ውስጥ እገባለሁ። አንድ ቀን ደረታችን ድረስ ገብተን ሳለ ማማ ከቢራ አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ እሳቸው አዞሩት።

«ሁልጊዜ ወደዚያ ታያለሽ» አሉ ወደ ደቡብ እያመለከቱ። «እዚያ ማን አለሽ?»

የዚያን ጊዜ ዓረብኛዬ ገና የወጥ ቤት ዓረብኛ ነበር። ለዚህ የሚሆን ቃል አልነበረኝም። «አኹይ» አልሁ፣ ወንድሜ። «በሕር። ኸላስ።» ባሕር፤ አለቀ።

«ኢና ሊላህ» አሉ። አላቀፉኝም፣ አላባበሉኝም። ቆይተው «በጀርባሽ ተኚ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ» አሉኝ። «የእኔን ጉልበት ስትይዥ ከርመሻል፤ ዛሬ እኔ ልያዝሽ።» መዳፋቸውን ከወገቤ ሥር አደረጉ። መጀመሪያ እንደ እንጨት ደረቅሁ፤ ስደርቅ ሰመጥሁ፤ ውሃ በአፍንጫዬ ገባ። «ከውሃው ጋር አትጣዪ» አሉ። እየደጋገምሁ ሄድሁና አንድ ቀን መዳፋቸውን መቼ እንዳነሡት ሳላውቅ ተንሳፍፌ ተገኘሁ።

ቤተሰቦቼ ዘንድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። እናቴ እርሟን አላወጣችም። ሬሳ አልታየማ! ታናሽ እህቴ ስትደውል እየተነፋረቀች «ኧረ አንድ በያት» ትለኛለች። «ማታ ብርድ ልብስ አትለብስም። ጋቢ ስናለብሳት ትጥለዋለች። ልጄ በብርድ ውሃ ውስጥ ተኝቶ እኔ ሙቀት ልፈልግ? ትላለች። በዚህ ውርጭ ልትሞትብን ነው።» እኔም በሐሳቤ የማየው በብርድ ሲንዘፈዘፍ ነበር። እንደ እኛ ወንዝ፣ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ውሃ ውስጥ። በሳምንት ስንት ጊዜ ባሕር እየገባሁ፣ ያ ባሕርና ይህ ባሕር አንድ መሆናቸው ታይቶኝ አያውቅም።

አንድ ሌሊት ማማ ከቢራ ከእጄ ወጡ።

ሳያስጠነቅቁ ነው። ክንዳቸውን ይዤ ቆሜ ሳለ ወደ ፊት ዘንበል አሉ፤ እርጥብ ዓባያቸው በእጄ ሾለከ፤ ከዚያ የሚሄድ ሰማያዊ ብርሃን ብቻ አየሁ፤ እሱም ጠፋ። በየብስ አሥር እርምጃ የማይራመዱ ሴት ዋኝተው ሄዱ።

«ማማ!» አልሁ። መልስ የለም። ባባን ልጥራ ብዬ አፌን ከፈትሁ፤ እናትህ ከእጄ ጠፉ ብዬ? አፌን ዘጋሁት። ብርሃኑ ወደ ጠፋበት መራመድ ጀመርሁ። ውሃው አንገቴ ደረሰ። ቀጥሎ ባነሣሁት እግር ሥር መሬት አልነበረም።

ሰመጥሁ። ጨው ጉሮሮዬን ላጠው። እጄ ያልያዘው ነገር የለም፤ ሁሉም ውሃ ነው። ያኔ ነው የፈራሁ። ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው አልነበረም፤ እኔው ራሴ ነበርሁ፣ መሞት አልፈለግሁም። እንዴት እንደ ሆነ አላውቅም፣ ጀርባዬ የለመደውን አደረገ፤ ተገለበጥሁና ፊቴ ወደ አየር ወጣ። ጆሮዬ ከውሃው በታች ስለሆነ ከትንፋሼ በቀር የሚሰማ ድምፅ አልነበረም።

እንደዚያ ተኝቼ ሳለ ነው ያስተዋልሁት። ውሃው ለብ ያለ ነው። ሕፃን የሚታጠብበት ውሃ ያህል። ቆዳዬ የት እንደሚያልቅ፣ ውሃው የት እንደሚጀምር አይለይም። እሱም እዚህ ውስጥ ነው የነበረ አልሁ። ጨለማ ነበር፣ ፈርቷል፣ ጨው ጠጥቷል። ግን አልበረደውም።

«ያ ቢንቲ! ከሥርሽ መሬት የለም እኮ!»

ማማ ከቢራ ናቸው፤ እያለከለኩ ተመልሰው መጡ። ያን ስሰማ ደነገጥሁና እንደገና ሰመጥሁ። ዓባያዬን ከኋላ ጨምድደው እየጎተቱ እግሬ ጭቃ እስኪነካ አደረሱኝ። ሁለታችንም ተያይዘን ቆመን ሳልን።

«ምንድን ነው?» ብሎ ባባ ከመኪናው ማዶ ጮኸ።

«ምንም! ልጅቱ ውሃ ጠጣች!» ብለው መለሱለት። ከዚያ በጆሮዬ «ለማንም እንዳትነግሪ» አሉኝ። «ከሰማ ሁለተኛ አያመጣንም።» ጥርሳቸው በጨለማ ይታየኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው። «እንደ ልጅነቴ ሄድሁ» አሉ።

በማግሥቱ የምሳውን ሽንኩርት ጥዬ እናቴ ዘንድ ደወልሁ።

«እማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ባሕሩ አይበርድም።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርሁት።

«ሰማሽኝ? እንደኛ ወንዝ አይደለም። ለብ ያለ ነው፤ ሌሊትም ለብ ያለ ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝ። እኔው ገብቼበት አየሁት።»

«በሌሊት?»

«በሌሊት።»

«ልጄን አልበረደውም በይኛ።»

«አልበረደውም፣ እማ።»

ከዚያ ጩኸቷን ሰማሁ። ልጇን በስሙ እየጠራች፣ ደረቷን እየመታች፣ መርዶው አሁን እንደ ደረሰ። ጎረቤቶች ሲገቡ፣ እህቴ «ልቀቋት፣ ታልቅስ» ስትል ይሰማኛል። ስልኩ እስኪቋረጥ ይዤው ቆምሁ። እናቴ ያን ዕለት እርሟን አወጣች አሉኝ። እኔ ሽንኩርቱን ከትፌ ጨረስሁ። ዓይኔ አንብቶ ነበር፤ ከሽንኩርቱ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ የማማ ከቢራ ጉልበት ባሰበት፤ ከአልጋ እስከ መኪና መድረስ አቃታቸው፤ ባሕሩም ቀረ። እኔ ውሌ ሲያልቅ ወደ ሌላ ቤት፣ ወደ ባይሽ ተዛወርሁ። እዚህ እርሻና በግ ነው። በእረፍት ቀን ለነፋሻው አየር ሲሉ ወደ ፈይፋ ተራራ ይወጣሉ፤ ሕፃኑን አቅፌ አብሬ እሄዳለሁ።

ባለፈው ዒድ የድሮዋ ማዳም በስልክ ምስል ደውላ ማማ ከቢራን አሳየችኝ። ከስተዋል። መጀመሪያ አላወቁኝም፤ በኋላ ግን ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው «ትዋኛለሽ?» አሉኝ።

«የሚወስደኝ የለም፣ ማማ።»

«እኔንም የሚወስደኝ የለም» አሉ።

ማዳም ስልኩን ተቀብላ የአዲሱን ቤት ልጆች ጠየቀችኝ፤ ደኅና ናቸው አልኋት። ባሕሩ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ውሰዱኝ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ቢወስዱኝ ግን እገባለሁ።