እንግሊዝ አገር የተሠራው የአባቴ ባና

ልጄ ከአዲስ አበባ ይዛልኝ የመጣችው ብርድ ልብስ ላምባ ላምባ ይሸታል። ደጋግሜ ፀሐይ ላይ ባሰጣውም ሽታው አልለቅ አለ። መሐሉ ላይ ደግሞ አንድ ነብር አፉን ከፍቶ ተጋድሟል፤ በዚህ ዕድሜዬ ከነብር ጋር ልተኛ ነው። ይሁን፣ ሽታውንም ነብሩንም ችዬ ነበር፤ ያልቻልኩት ጥጉ ላይ የተሰፋችውን፣ የተሠራበት አገር የተጻፈባትን መዳፍ የምታህል ጨርቅ ነው። በተገላበጥኩ ቁጥር ጉንጬን እየቧጠጠች ስታስቸግረኝ ልቆርጣት መቀስ ባነሣ ልጄ ዘላ እጄን ያዘችኝ። «እማዬ፣ ማርኩን እንዳትቆርጪው! የየት አገር እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

እኔ ይህን ጥያቄ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ደብረ ብርሃን ገበያ ብወጣ፣ ማንቆርቆሪያ የሚገዛው ሰው መክደኛው መግጠሙን ሳያይ ገልብጦ ቂጡ ላይ ያለውን ጽሑፍ ይፈልጋል። ባለ ሱቁ «የውጭ ነው» ሲል አፉን ሞልቶ ነው፤ «ያገር ውስጥ ነው» ሲል ግን የዘመድ ገመና እንደሚያወራ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እጅጌው ላይ ያለውን ማርክ ሳያስፈታ ሰርግ የሚሄደውን ጎረምሳማ ተዉት። የልጄን እጅ አስለቅቄ መቀሱን አስቀመጥኩና ከናካቴው ብርድ ልብሱን አጥፌ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። በዚያው ቅጽበት አባቴ የሠራውን ባና፣ ያን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ተመኘሁ፤ አንድ ብቻ፣ ያረጀም ቢሆን።

ያደግኩት መንዝ፣ ሞላሌ አጠገብ ነው። አባቴ ገበሬ ነበር፤ ገብሱ ከአውድማ ከገባ በኋላ ግን ሸማኔ ይሆናል። በጎቹ ይሸለታሉ፣ እናቴና እኛ ሴቶቹ ጠጉሩን እናጥባለን፣ እንለቅማለን፤ አባቴ በደጋን ሲነድፈው ቤቱ ጭጋግ የገባበት ይመስል ነበር። እናቴ ስትፈትል የጠጉሩ ቅባት እጇን ስለሚያለሰልሰው፣ የዚያን ሰሞን ፊታችንን ስትዳብሰን ደስ ይለን ነበር። የረጠበ በግ ሽታ ከልብሳችን፣ ከፀጉራችን፣ ከምንበላው ቂጣ ሳይቀር አይጠፋም፤ ትምህርት ቤት ጓደኞቼ አፍንጫቸውን ሲይዙ እናደድ ነበር፤ እነሱም ቢሆኑ የሚሸቱት ያንኑ ነው።

ባናው ከሽመና ሲወርድ ገና ልል ነው፤ ሙቅ ውኃ እየፈሰሰበት በእግር መረገጥ አለበት። ለዚህ ጎረቤት ይጠራል፣ ጠላ ይጠመቃል፤ ሰዎቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው እየዘፈኑ ባናውን በእግራቸው ሲገፋፉት ይውላሉ። እኛም ልጆቹ እንገባበታለን፤ የመንደሩ ልጅ እግር በደንብ የሚጸዳው በዚያን ቀን ነበርና እናቶች ሁሉ ልጆቻቸውን በደስታ ነበር የሚልኩት። ረግጠን ስንጨርስ ነፋስ የማያልፈው፣ ዝናብ የማይበሳው ባና ይሆናል።

እያንዳንዱ ሸማኔ ደግሞ ጠርዙ ላይ የራሱን ምልክት ይጥላል። የአባቴ፣ በጥቁሩ ጠርዝ ዳር የምትሄድ አንዲት ነጭ ክር ነበረች። በዚያን ጊዜ ገበያ ላይ የሚጠየቀው «የማን እጅ ነው?» ተብሎ ነው፤ የአባቴ ስም ከተጠራ ክርክር የለም። ከዓመታት በኋላ አይጥ የበላውን ባና ተሸክሞ የመጣም ሰው ቢሆን አባቴ ዝም ብሎ ይጠግንለታል፤ ስሙ ያለበት ነዋ።

ኋላ የፋብሪካው ብርድ ልብስና ሰልባጁ መጣ። ቀላል ነው፣ ቀለሙ ያምራል፣ ከሁሉም በላይ ማርክ አለው። የአባቴ ባና በአህያ ሄዶ በአህያ ይመለስ ጀመር። ውርጭ ገብሱን በፈጀበት ዓመት አንድ ነጋዴ ቤታችን መጣና ከኪሱ ብዙ ማርኮች አውጥቶ መደቡ ላይ በተነ። «ይቺን ጥጉ ላይ ትሰፋለህ፣ ነጯን ክር ትተዋለህ፤ የሠራኸውን ሁሉ እኔ አነሣልሃለሁ» አለው።

አባቴ እንግሊዝኛ የጀመርኩት እኔ ስለሆንኩ ጠርቶ አስነበበኝ። እየተንተባተብኩ «እንግሊዝ አገር የተሠራ ነው የሚለው» አልኩት።

«ታዲያ እኔ መቼ ሄጄ ሠራሁት?» አለ።

ነጋዴው ሳቀ፤ አባቴ ግን የምሩን ነበር የጠየቀው። አብሰለሰለው፤ እንዲያውም የነፍስ አባታችንን ሄዶ ቢጠይቃቸው «በሐሰት መመስከር ነው» አሉት። እናቴ ባዶውን ጎተራ እያሳየች «እንግዲያው ቄሱ ገብስ ይስጡን» አለች። ከዚያ ወዲያ የተከራከረ የለም። ነጯ ክር ቀረች። ማርኩን የምትሰፋው እናቴ ነበረች፤ ፊደል ስለማትለይ ግማሹን ገልብጣ ሰፋችው፣ ገዢውም ስለማይለይ አንድም ሰው አልመለሰውም።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችን ጋሽ በላቸው፣ አብረውን ባና የሚረግጡት፣ ከገበያ ሲመለሱ አዲስ ባና በትከሻቸው ጥለው በራችን ላይ ቆሙ። «እስቲ ዳብሰው፤ የእንግሊዝ ነው! አይክፋህና፣ የኛ አገሩ እንዲህ አይሞቅም» አሉት አባቴን። በገዛ እግራቸው የረገጡትን ባና፣ እጥፍ ከፍለው ገዝተውት! እኔ አፌ ላይ መጥቶብኝ አባቴን አየሁት። አባቴ ጠርዙን በጣቶቹ ያዝ አደረገና «ጥሩ ልብስ ነው፤ በጤና ልበሰው» አላቸው። ከዚያ ገብቶ ሽመናው ላይ ተቀመጠ፣ መወርወሪያውን ግን አላነሣም። እውነቱን ብናገር የዓመቱ ቀለባችን ነበር የሚሄደው።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። የሠራውን ሁሉ ነጋዴው ስለሚያነሣው እቤት አንድም ባና አልቀረም። እናም ያን ነብር በቆለፍኩበት ሳምንት አውቶቡስ ተሳፍሬ ሞላሌ ወረድኩ፤ የጋሽ በላቸው ሚስት እትዬ ዘነበች ዛሬም በሕይወት አሉ፣ ባናውም አለ። ከሣጥን አውጥተው አሳዩኝ። ሳይሳሳ፣ ሳይበላ፣ እንዳለ ነው። ሽጡልኝ አልኳቸው፤ የባለቤቴ ማስታወሻ ነው አሉኝ። የአባቴ ሥራ መሆኑን፣ ውርጩን፣ ነጋዴውን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማልኩላቸውም።

እትዬ ዘነበች ከልባቸው አዘኑልኝ። «ልጄ፣ የአባት ናፍቆት እንዲህ ያደርጋል» አሉ ጉልበቴን መታ መታ እያደረጉ። «አባትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ እጃቸው የተባረከ ነበር። ግን እንዲህ ያለውንማ ከየት ያመጡታል? ይኼ እኮ የእንግሊዝ ነው።» አጥፈው መለሱትና ሣጥኑን ቆለፉ፤ ምሳም አቀረቡልኝ፣ በላሁ።

መንዝ ውስጥ ዛሬም በአባቴ ባና የሚሞቅ ስንት ሰው እንዳለ አላውቅም። እነሱም የማን እጅ እንደሆነ አያውቁም። እኔ የማውቀውን አንዱን አገኘሁት፣ ዳበስኩት፤ የአባቴ ነው ብል ግን የሚያምነኝ ሰው አጣሁ።