የወፍጮ ቤቱ ብናኝ

አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ሾላ ገበያ አጠገብ ባለ ወፍጮ ቤት ነው ያረጁት። እህሉ ተፈጭቶ ሲመዘን ትንሽ መቀነሱ አይቀርም፤ ደንበኞችም ይቆጣሉ።

"ሃያ አምስት ኪሎ ጤፍ ነው የሰጠሁት! ሌላው የት ገባ?"

አጎቴ ዱቄት የለበሰ ቅንድባቸውን እያሳዩ፣ "እትዬ፣ ይኸው እኔ ላይ ነው፤ ያራግፉኝና ይውሰዱት!" ይሉ ነበር። የተቆጣችውም ስቃ ትሄዳለች።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ በሒሳብ ትምህርት ፈንክሽን ተማርንና ላስረዳቸው ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ልክ እንደ እርስዎ ወፍጮ ነው። ግብዓት ይገባል፣ ውጤት ይወጣል። ያው እህል ከገባ ያው ዱቄት ይወጣል።"

ሳል ሳል አደረጋቸውና ትንሽ አሰቡ። "ብናኙንስ የት ትጽፊዋለሽ?"

"እሱ አይቆጠርም፣ ጋሼ።"

"አይ የኔ ልጅ! አስተማሪሽ ወፍጮ ቤት ገብቶ አያውቅም ማለት ነው" ብለው ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

ባለፈው ክረምት ሐኪሙ የሳንባቸውን ራጅ አይቶ፣ "ስንት ዓመት ዱቄት ውስጥ ሠሩ?" ሲላቸው ትንፋሽ አጠራቸውና ወደ እኔ ዞሩ። እኔ መለስኩላቸው። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ፤ ፈንክሽንንም እንደገና ከመጀመሪያው እየተማርን ነው። የተማርኩትን ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠኝ ሰው ግን ቤታችን ውስጥ የለም። ያን ቀን አዋቂ መስዬ ለመታየት ስቸኩል፣ ሲስሉ አጠገባቸው ተቀምጬ አልሰማኋቸውም።