የተሰፋው ሽቦ

ተፈቅዷል! ከነገ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ እዚሁ ልትውል ነው። ማን ናት አትሉም? ደስታው ቀደመኝ፤ የጋሽ ወስፌ የልጅ ልጅ ናት። ገና ዘጠኝ ወሯ ነው፤ መዳህ ከጀመረች ወዲህ ግን ወለሉ አይበቃትም።

ጋሽ ወስፌ የምንላቸው የሰፈራችን ጫማ ሰፊ ናቸው። አርባ ዓመት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሰው ጫማ ሲጠግኑ ጉልበታቸውን ብርድ ገባው። ባለፈው ክረምት ከተጣለ የኤሌክትሪክ ምድጃ ጥቅልል ሽቦ አወጡና ጡብ ላይ ዘርግተው፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ አቁመው ሰኩት። ሞቀ። ኩራታቸውማ ከሙቀቱም በለጠ። ከጥቅልሉ ወደ ሶኬቱ የሚሄደውን የተላጠ ሽቦስ ምን አደረጉት? ሰው የሚያደርገው የሚያውቀውን ነውና ማስቲሽ ቀብተው፣ በስስ ቆዳ ጠቅልለው፣ በሰም በታሸ ክር ሰፉት። አይቼዋለሁ፤ ለሙሽራ ጫማ የሚሆን ስፌት ነበር።

ነርሷ ልጃቸው ግን ስፌቱን አላየችላቸውም። እሷ የተቃጠለ ሰው ስታክም የምትውል ናት። ከሥራ የወሰደችው ፈቃድ አልቆ ሕፃኗን ቀን ቀን ለአባቷ ለጋሽ ወስፌ ልትተው አስባ ስትመጣ፣ የቆዳ ጭስ በር ላይ ተቀበላት። ይሄ ነገር እንዲህ እያለ ልጄ እዚህ ቤት መሬት አትነካም፣ አማቴ ጋ ትውላለች አለች። አማቷ ቤት ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ መሳፈር ነው።

ጋሽ ወስፌ ሁለት ቀን አኮረፉ። የእኔ ስፌት ተተርትሮ አያውቅም ይላሉ፤ ስለ ስፌቱ ማን አወራ ትላለች ልጅ። በሦስተኛው ቀን ናፍቆቱ አሸነፋቸውና አንዲት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠሩ። እሷም መጥታ ስፒናውን ነቀለች፣ ቆጣሪው ጋ ሄዳ አጠፋች፣ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር አረጋገጠች። ከዚያ ያንን ስፌት በምላጭ ተረተረችው። ጋሽ ወስፌ ፊታቸውን አዞሩ። ቆዳው ከውስጥ ከስሏል፤ ሽቦውም ጠቁሮ ሲነኩት ይፈረፈራል።

«አባባ፣ እግር ቢሆን ኖሮ የሚያምር ጫማ ነበር» አለች። «ሽቦ ግን ሲግል ጫማውን ይበላል።»

«ናስትሮ ብጠቀልልበትስ?»

«እሱማ ቅቤ ነው፤ ይቀልጣል።»

የተቃጠለውን ሽቦ ቆርጣ ጣለች። ሙቀት የሚችል አዲስ ገመድ አመጣች፤ መጋጠሚያውን በሸክላ ማያያዣ አጥብቃ፣ ክዳን ባለው የብረት ሣጥን ከታ በብሎን ዘጋችው። ከቆርቆሮው ወደ ሶኬቱ የመሬት መስመር ዘረጋች፤ ይህ የሆነው ድንገት ኤሌክትሪክ ቆርቆሮውን ቢነካው ሰው እንዳይመታ ነው። በሚግለው ጥቅልል ፊት ደግሞ ወንፊት ሽቦ አቆመች። ጋሽ ወስፌ እያንዳንዱን ለምን ለምን እያሉ ጠየቁ፤ የሰሙትን ሁሉ ጫማ ካርቶን ላይ ጻፉ።

ዛሬ ጠዋት ነርሷ ሕፃኗን አዝላ መጣች። ገመዱን ጎተት አደረገች፤ የራሷን ትንሿን ጣት ወንፊቱ ውስጥ ለማስገባት ሞከረች፤ አልገባም። ይሄኔ እኔ ተፈቀደ ብዬ ነበር። እሷ ግን ቀና አለችና፣

«አባዬ፣ ወንፊቱ ራሱ ይግል የለ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ክርክር ነበር። እሳቸው ጉልበታቸውን እያሹ፣ «ይግላል» አሉ። «ስለዚህ ነቅዬ፣ እስኪቀዘቅዝ አቅፌያት ቆይቼ ነው የማወርዳት። እሷ መሬት ላይ እያለች አይበራም። እኔ ካፖርት አለኝ።»

ነርሷ አንቀልባውን ፈትታ ሕፃኗን ወለሉ ላይ አስቀመጠቻት። ሕፃኗም ማሞቂያውን ዞር ብላ ሳታይ በቀጥታ ወደ አያቷ ካፖርት ዳኸች፤ ጫፉን ይዛ አፏ ውስጥ ከተተችው።

በሉ እንግዲህ፣ ማዶ ያለው የፋርማሲው ሰውዬ ይህን ወሬ ገና አልሰማም። ከሌላ ሰው ሳይሰማው ልድረስበት።